መርዙ አንድ፣ ትሉም አንድ፤ ፍጻሜው ግን ሁለት

ስለ ልውጠ ሕያው ሰብል በአገራችን የሚደረገው ክርክር ከሁለት ጎራ አልወጣም። አንዱ ወገን «መርዝ ሊያበሉን ነው» ይላል፤ ሌላው «ሳይንስን የሚፈራ አገር ከረኀብ አይወጣም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ስተውታል እላለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርዙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለ ባክቴሪያ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያውን በ1901 ጃፓናዊው ኢሺዋታ ከታመሙ የሐር ትሎች አገኘው፤ በ1911 ደግሞ ጀርመናዊው በርሊነር ከዱቄት እሳት ራት ለይቶ አወጣው። ፕሮቲኑ በትሉ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ ከግድግዳው ጋር ይጣበቅና ይበሳዋል። በሰው አንጀት ግን የሚጣበቅበት ስፍራ የለውም። ባክቴሪያውን የተፈጥሮ እርሻ ገበሬዎች እንኳ የሚረጩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ወገን ስጋት በዚህ ረገድ መሠረቱ ደካማ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ትሉ ዝም ብሎ እንደማይሞት ይዘነጋል። ህንድ ይህን መርዝ በውስጡ የያዘ ጥጥ በ2002 ፈቀደች። ደንቡ ገበሬው በማሳው ዳርቻ መርዝ አልባ ጥጥ እንዲዘራ ያዝዝ ነበር፤ ዓላማውም በዚያ የሚተርፉት ደካማ ትሎች መርዙን ከሚቋቋሙት ጋር ተዳቅለው የመቋቋም ኃይሉን እንዲያዳክሙት ነው። ባለ ትንሽ ማሳው ገበሬ ግን ደንቡን አብዛኛውን ጊዜ አልተገበረውም፤ ተቆጣጣሪም አልነበረውም። በ2010 በጉጃራት ሮዝማው የጥጥ ትል መርዙን መቋቋሙ ይፋ ሆነ። በአሜሪካ ግን ገበሬዎች የመጠለያ ማሳውን ደንብ ጠበቁ፤ ከ2006 ጀምሮም መካን የተደረጉ እሳት ራቶች በብዛት ተለቀቁ። በ2018 ያው ትል ከአገሪቱ የጥጥ እርሻዎች መጥፋቱ ታወጀ። ልዩነቱን የፈጠረው ሥርዓት ነው።

በዚያው በ2018 ኢትዮጵያ ይህንኑ ጥጥ ፈቀደች። የ2009ኙ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ጥብቅ ነበር፤ በ2015 ተሻሽሎ ላላ። ስለዚህ መንግሥትን ልንጠይቅ የሚገባው ይህ ነው፦ የመጠለያ ማሳውን ማን ይቆጣጠራል? የትሉን የመቋቋም ኃይል በየዓመቱ ማን ይለካል? ውጤቱስ ለሕዝብ ይገለጻል? የመርዙ ፍቱንነት የዘር ሻጩ ንብረት ሳይሆን የሁላችን ጥሪት ነው። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ፍቱንነቱ ያለቀ ዕለት ከትሉ ጋር የሚቀረው ገበሬው ነው። ዘር መፍቀድ የአንድ ቀን ውሳኔ ነው፤ መርዙን መጠበቅ ግን የየመኸሩ ሥራ ነው።