ቲቸር፣ ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ!

ባለፈው የለጠፍኳትን ፎቶ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ ስቃችሁብኛል። የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠች አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ከጎኗ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ከኋላዋ የተንጠለጠለ ሽቦ። አንዱ "ቲቸር፣ ወጥ ማሞቂያ ነው?" አለኝ። ሌላው፣ ጎበዝ ከሚባሉት ተማሪዎቼ አንዱ የነበረ፣ "ለዘፈን ከሆነ ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ! ምን አለፋህ?" ብሎ ጻፈ። ዛሬ ያስረዘምኩት ለሱ ልመልስ ብዬ ነው፤ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከአጎቴ ሸክላዎች ነው። አጎቴ (ነፍሱን ይማር) ደብረ ብርሃን አስተማሪ ሳለ የገዛቸው አስራ ምናምን ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩት። ባለቤቱ በካርቶን ጠቅልላ ከአልጋ ስር አቆይታ አምና ለኔ ሰጠችኝ። ከመሀላቸው የአምሃ ሪከርድስ ማህተም ያለባቸው አሉ። ለልጆቹ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነው እ.ኤ.አ. በ1969 "የመጣው ይምጣ" ብሎ በራሱ ስም ዓለማየሁ እሸቴንና ሌሎቹን ማሳተም የጀመረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደርግ መጣ፣ አምሃም ከአገር ወጣ፣ ካሴቱም ሸክላውን ዋጠው። ዛሬ እነዚህን ሸክላዎች ፈረንጆቹ በውድ ዋጋ እየፈለጉ ይገዛሉ። እኛ አልጋ ስር እናስቀምጣቸዋለን።

አንድ ጓደኛዬ መርካቶ አሮጌ ማጫወቻ አገኘልኝ። መሐል ሜዳ እስኪደርስ በመኪና ጣሪያ ላይ ያየውን መከራ ተዉት። እንደመጣ ቴፑ ላይ ሰካሁት። የወጣው ድምፅ ጣሳ ውስጥ የገባ ትንኝ ነው የሚመስለው! ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ሸክላው አርጅቷል ብዬ ልተወው ነበር።

ያረጀው ግን ሸክላው አልነበረም፣ የኔ እውቀት ነው ጎዶሎው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ በጣም ይሰፋና የጎረቤቱን መስመር ይነካል፣ መርፌዋም ትዘላለች። ስለዚህ ሆን ብለው ቤዙን ይቀንሱታል፤ ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ፣ የመርፌዋ ሽክሽክታ እንዳይውጠው፣ ከፍ ያደርጉታል። በሁለቱም ጫፍ ወደ አስር እጥፍ ይጠጋል። ልኩን እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች ማህበር ወስኖት ሌላውም ዓለም ተከተለው። ስናጫውት ያንን መልሶ የሚገለብጥ ነገር ከሌለ የምንሰማው የተዛባውን ነው። በዚያ ላይ መርፌዋ የምታወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ቴፑ የሚፈልገው ደግሞ የዚህን መቶ እጥፍ ያህል። እነዚህን ሁለቱን ሥራ የምትሠራው ናት ፕሪአምፕሊፋየር የምትባለው። ጠላ መጀመሪያ ይጠለላል፣ ከዚያ ይቀዳል አይደል? ፕሪአምፕ ማጥለያዋ ናት። እኛ ጋ ግን ሳይጠለል የሚቀዳ ነው የበዛው። ሠርግ ቤት የሚከራየውን ስፒከር አስቡት፤ መንደር ያናውጣል፣ ዘፋኙ ግን ምን እንዳለ የሰማ የለም።

አንድ ዘመድ ከቻይና የሚመጣ መገጣጠሚያ አዘዘልኝ። ባዶ ሰሌዳ፣ አንድ ኤንኢ5532 የምትባል ስምንት እግር ያላት አይሲ፣ አንድ እፍኝ ሬዚስተርና ካፓሲተር። ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም። ከረጢቱን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው ያፈርኩትን እፍረት ግን ለናንተ ካልተናዘዝኩ ለማን ልናዘዝ?

ስንቶቻችሁን ነው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አንድ ሺህ ኦም እያልኩ ያስሸመደድኳችሁ? ከከረጢቱ የወጡት ሬዚስተሮች ሰማያዊ ሆነው አምስት ቀለም አላቸው! እኔ የማውቀው አራት ነው፣ መጽሐፉም የሚለው አራት ነው። ከየትኛው ጫፍ እንደሚነበብ ግራ ገብቶኝ በቴስተር አንድ በአንድ ለካኋቸው። የፊዚክስ መምህሩ በሕይወቱ አንድም ሬዚስተር በእጁ በይዶ አያውቅም ነበር። እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። አሥረኛ ክፍል የኤሌክትሮኒክስ ምዕራፍ ነበረን፤ ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ሲሮጥ እኛ ትራንዚስተሯን ደብተር ላይ ስለን ለመጨረስ እንሽቀዳደማለን። ከዚያ እኔም ጠመኔ ይዤ ለናንተ ሳልኩላችሁ። አንድ ቦታ ሳስተምር የላቦራቶሪው ቁልፍ የጠፋ ጊዜ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

ብየዳውን ማታ ማታ ነበር የምሠራው፣ ባና ለብሼ። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ውስጥ ሌሊት እጅ ይደነዝዛል፤ የቀለጠች ሶልደር ጠብ ብላ ባናዬን በስታዋለች። አንዱን ካፓሲተር ፕላሱን ከማይነሱ አዟዙሬ ገጥሜው "ጧ!" ብሎ ፈነዳ። ልጄ ከእንቅልፏ ተነሳች። "ፖላሪቲ ጠብቁ" እያልኩ ስንት ፈተና አርሜአለሁ መሰላችሁ!

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሠራች። ግን "እምምም" የሚል ጩኸት ከዘፈኑ ስር አልጠፋ አለ። እሱ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመሩ አጠገቧ ስለነበር ወደ ውስጧ ይገባባታል፤ መርፌዋ የምታወጣውን 5 ሚሊቮልት መቶ እጥፍ ስታጎላ እሱንም አብራ ታጎላዋለች። የዘይት ቆርቆሮው የመጣው ለዚህ ነው፣ እንዲጋርዳት። ቀነሰ፣ አልጠፋም። አንድ ማታ መብራት ሄዶ በጨለማ ተቀምጬ ሳለ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ይቺ ሰሌዳ የምትበላው ጥቂት ሚሊአምፔር ነው፤ ለምን በባትሪ አትሠራም? ትራንስፎርመሩን አውጥቼ ሁለት ባለ 9 ቮልት ሰጠኋት። መብራቱ ሲመጣ አበራሁት። ዝም! ጩኸቱ ተነቅሎ ጠፋ።

እና ዩቲዩብ? አለ፣ እኔም እሰማዋለሁ። ከካሴት ላይ ካሴት፣ ከዚያ ላይ ስልክ እየተገለበጠ የተጫነው ግን ብዙ ነው። ከዚህ በፊት ቤዙ ምን እንደሚጫወት ሰምቼ የማላውቀው ዘፈን ነበር፤ አሁን ጊታሩ የቱ ጋ እንደሚገባ ለይቼ እሰማለሁ። ግን ለዚህ ብቻ ብሆን አልደክምም ነበር። ዩቲዩብ ላይ የሌለው በገዛ እጄ አበላሽቼ ለምን እንደተበላሸ ያወቅኩት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ መጽሐፉም አዲስ ነው፤ ለአንድ ክፍል አሥር ኪት ማሟላት ግን ከአንድ ትልቅ ስክሪን ይረክሳል ብዬ እከራከራለሁ። የሚከራከረኝ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ።

የአጎቴን ባለቤት ፋሲካ ላይ ጠራኋት። ምን እንደማሰማት አልነገርኳትም። ዘፈኑ ሲጀምር ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ዝም አለች። መሀሉ ላይ እጇን አነሳችና "አሁን ትዘላለች" አለች። መርፌዋ ዘለለች። "እኔ ነኝ የጫርኳት፣ ቡና ሳቀርብ ረከቦቱ ወድቆባት። ሁለት ቀን አኩርፎኝ ነበር" ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት።

ሁለተኛ ኪት አዝዣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ቤቴ ይመጣሉ፣ ይህቺኛዋን እነሱ ናቸው የሚበይዷት። መሐል ሜዳና ሞላሌ ያላችሁ፣ የተበላሸ ቴፕ ወይም ሬዲዮ ካላችሁ አትጣሉብኝ፤ ልጆቹ ፈትተው ይለማመዱበት። አልጋ ስር ሸክላ ያለው ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ አልወስድባችሁም፣ አብረን እንሰማለን።