ለጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር ለፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ትሪውልዚ፤ ከአሶሳ የተላከ የምስጋና ደብዳቤ

ክቡር ፕሮፌሰር፣

እርስዎ አያውቁኝም። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ገበሬዎች ናቸው። ያደግሁበት ምድር ከእኛ በፊት የማን እንደነበረ በትምህርት ቤት የነገረኝ አልነበረም። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን ተምረናል። ያለንባት ቤኒሻንጉል የምትነሳው ግን ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክን ጦር ይዘው ሲደርሱባት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ያልኖረባት ይመስል።

እርስዎ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤኒሻንጉል በኔፕልስ ያሳተሙት «ጨው፣ ወርቅና ቅቡልነት» የተሰኘ የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ የሚያበቃው እዚያው ላይ ነው። የእኛ ትምህርት ከሚጀምርበት መቶ ዓመት ቀድሞ ተነስቶ! ምስጋናዬ በቅድሚያ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ለአድማጭነትዎ ነው። ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ዓመታት መጥተው ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ የነገሩዎትንም እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ቆጠሩት። የቃል ታሪክ የሚባለውን የታሪክ ባለሙያዎች ጽንሰ ሐሳብ የተረዳሁት ስለ እሱ ከተጻፈ ማብራሪያ አይደለም። በሱዳን ሴናር የገዙት ፉንጆች ከዚህ አካባቢ የበርታ ሕዝብ ጋር ስለነበራቸው ትስስር የሚነገረውን ትውፊት እርስዎ ከግብፅና ከአውሮፓ ተጓዦች ጽሑፍ ጎን አስቀምጠው ሲመዝኑት አይቼ ነው።

የርዕሱ ሦስት ቃላት ለእኔ አንድ ሙሉ ኮርስ ሆነውኛል። ጨው ከደጋ ይወርዳል፣ ከወንዝ አሸዋ የሚታጠበው ወርቅ ይወጣል፤ ገበያው እስከዚህ ድረስ ሰላማዊ ይመስላል። ወርቁ ግን መንግሥታትን ጠራ። የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1821 ሴናርን ከያዘ በኋላ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከዚህ ዘለቀ። ከሁሉ የከበደኝ ሦስተኛው ቃል፣ ቅቡልነት፣ ነው። ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች የበርታ ሴቶችን አገቡ፤ ልጆቻቸው ሼሆች ሆኑ፣ ገዙ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ከዚያ ወገን ናቸው። መጤ እንዴት ባለ አገር ይሆናል? በጋብቻ፣ በሃይማኖት፣ በንግድ፣ ደግሞም በጠመንጃ።

ይህን ሳነብ እንደ ሰፋሪ ልጅ ልጽናና ቃጥቶኝ ነበር። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ሲል እኛን ከሌሎቹ ነዋሪዎች ጋር ይመድበናል፤ «ያኔም መጤ ነበር» ማለት ደስ ይላል። ታሪኩ ግን ይህን አይፈቅድም። እነዚያ ገዢዎች የእናቶቻቸውን ወገን በባርነት ሸጠዋል። እንደ ቅቡልነት ያለ ጽንሰ ሐሳብ ለራስ ወገን ጠበቃ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ ባይማሩት ይሻላል።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በንዑስ ርዕሱ አገሩን «ባለቤት የሌለው ምድር» ብለውታል። በካይሮና በአዲስ አበባ፣ ኋላም በለንደን ካርታ ላይ እንዲያ መስሎ ይሆናል፤ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የድንበር ውል ወደ ኢትዮጵያ የተከለለውም በእነዚሁ ካርታዎች ነው። የራስዎ ገጾች ግን በባለቤቶች የተሞሉ ናቸው። ዳር አገር የሚባለው ከመሃል ሆኖ ለሚያየው ነው፤ ዋዛ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ እየነፋ መከሩን ለሚያከብር በርታ መሃሉ የቆመበት ነው።

በኋላም በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አልፈው ጣሊያን የገቡ ስደተኞችን ቃል በሚያሰባስበው የሮም ማኅደር ውስጥ ሲሠሩ በማየቴ አልተደነቅሁም። በአሶሳ ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ጆሮ በሀበሻ ስደተኛ ፊትም ይቀመጣል። ለዚያም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና የመጨረሻው ቃል ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ለእረፍት ወደ መንጌ፣ ኩርሙክ፣ ሸርቆሌ ወይም ኮሞሻ ስትሄዱ አያቶቻችሁን በራሳቸው ቋንቋ ጠይቁ፤ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ፤ ቅጂውን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ሽማግሌዎቹ እስኪያልፉ አትጠብቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሶሳ ልጅ