የመሬት ፎቶግራፍ እውነት ነውን?

መሬት ድቡልቡል መሆኗ በትምህርት ቤት ከምንማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም «መሬት ጠፍጣፋ ናት፤ ከጠፈር ተነሡ የሚባሉት ፎቶግራፎችም የሐሰት ሥራ ናቸው» ብለው በቅንነት የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። በእነዚህ ሰዎች ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ሳቅ መልስ አይሆንም። እንዲያውም አብዛኞቻችን «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፣ «መጽሐፉ ይላል» ወይም «ፎቶግራፉ ያሳያል» ከማለት በቀር የምንጨምረው የለንም። በእኔ አስተያየት ይህ ክርክር መጀመር ያለበት ከፎቶግራፍ ሳይሆን፣ ሁለቱም ወገኖች በገዛ ዓይናቸው ሊያረጋግጡት ከሚችሉት ነገር ነው።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ያጋጠመኝ ክርክር ነው። ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት፣ አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ ስልኩን ከፍቶ የመሬትን ፎቶግራፍ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አምነዋል። ታዲያ እርስዎ ለምን ያምኑታል?» አለኝ።

ልጁ ከተናገረው ውስጥ እውነት የሆነ ነገር ነበረበት፤ እውነት የሆነውን ደግሞ መቀበል ይገባል። ያሳየኝ ሥዕል በ1994 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ሥራ ነው። ቴራ የተባለችው ሳተላይት ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና፣ መሬትን በአንድ ጊዜ በሙሉ ለማየት ስለማትችል፣ ቁራጭ ቁራጩን በብዙ ወራት አነሣች። ባለሙያዎችም ቁራጮቹን በኮምፒዩተር አጋጥመው አንድ ሥዕል አደረጉ፤ ይህንንም ራሳቸው በግልጽ ተናገሩ። የአገራችን ሸማኔም ቢሆን ጨርቁን በጠባቡ ሸምኖ ያወጣል፤ ጋቢ የሚሆነው ተጋጥሞ ሲሰፋ ነው። ስፌት ስላለበት ግን ጋቢው ሐሰት ነው አይባልም።

ይህ ማለት ግን መሬት በሙሉ በአንድ ቅጽበት የታየችበት ፎቶግራፍ የለም ማለት አይደለም። ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም. በአፖሎ 17 መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ይጓዙ የነበሩ ሰዎች፣ 29,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቁ በኋላ፣ አፍሪካን ከደቡባዊው የበረዶ አህጉር ጋር በፊልም አንሥተዋታል። ሜቴዎሳት የተባሉት የአውሮፓ የአየር ጠባይ ሳተላይቶችም ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ አፍሪካን ከነደመናዋ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያነሧታል። ሶቪየት ኅብረት በነበረችበት ዘመን የአሜሪካ ብርቱ ተቀናቃኝ ነበረች፤ ሆኖም የእርሷም ፎቶግራፎች ያሳዩት ያችኑ ድቡልቡል መሬት ነው። ቻይና፣ ሕንድና ጃፓንም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስወንጭፋለች። ኡጋንዳም ጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በሦስት ኡጋንዳውያን መሐንዲሶች በጃፓን የተሠራች ሳተላይት ጥቅምት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ልካለች።

ወጣቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ፣ «ሁሉም ተስማምተው ቢያታልሉንስ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተረዳሁ። የምስክሩን ታማኝነት ለሚጠራጠር ሰው ያንኑ ምስክር ደጋግሞ ማቅረብ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የስልኩን ሥዕል ትተን አንድ ሜትር ርዝመት ስላላት በትር መነጋገር ጀመርን።

ከካምፓላ ወደ ማሳካ በሚወስደው መንገድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሲኬድ ካያብዌ የምትባል ስፍራ ትገኛለች። የምድር ወገብ በዚያ ስለሚያልፍ ምልክት ተተክሎበታል። መንገደኞች በምልክቱ አጠገብ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በመስመሩ ግራና ቀኝ ጥቂት እርምጃ ተርቆ በሚቀመጥ ሳፋ ውስጥም ውኃው በሰሜኑ በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በደቡቡ በኩል ወደ ተቃራኒው እየተሽከረከረ ሲወርድ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን የመሬት መሽከርከር ማስረጃ አድርጎ ያወራል። ነገር ግን ማስረጃ አይደለም። የመሬት መሽከርከር ታላላቅ ነፋሶችን ያጣምማል እንጂ፣ በትንሽ ሳፋ ውስጥ ያለን ውኃ፣ ያውም ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ለማሽከርከር ኃይል የለውም። የውኃውን አዟዟር የሚወስነው አፈሳሱ ነው። ይህን ለወጣቱ ሳልደብቅ ነገርኩት። እውነትን በሐሰት ምስክር የሚደግፍ ሰው፣ ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ እውነቱንም አብሮ ያስጥላል።

እውነተኛው ምስክር ጥላ ነው። በየዓመቱ መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን ገደማ ፀሐይ በምድር ወገብ ላይ በቀጥታ ትቆማለች። በዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ በካያብዌ ቀጥ ብላ የተተከለች የአንድ ሜትር በትር ጥላ የላትም ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ የተተከለችው እኩያዋ ግን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ትጥላለች፤ ይህም የ9 ዲግሪ ማዘንበል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። 9 ዲግሪ የ360 ዲግሪ አንድ አርባኛ ነውና፣ 1,000 በ40 ቢባዛ የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ይገኛል። የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመታት በፊት የመሬትን ዙሪያ ያሰላው በግብፅ ምድር በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። በእርሱ ዘመን የፎቶግራፍ መሣሪያ አልነበረም።

ወጣቱ ጥቂት አሰበና፣ «መሬት ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ብትሆንም እኮ ጥላው ይለያያል» አለ። ትክክል ነው፤ በሁለት በትር ብቻ ነገሩ አይለይም። ሦስተኛ በትር ያስፈልጋል። የሩሲያዋ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ ከካምፓላ በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ ከምድር ወገብ ያላት ርቀትም 6,650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠፍጣፋ መሬት ላይ ጥላ የሚረዝመው በርቀቱ ልክ ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር ካስገኘ፣ 6,650 ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ያህል ማስገኘት ነበረበት። በዚያች ከተማ በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ የሚለካው ጥላ ግን 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ድቡልቡል መሬት ይህን ቁጥር በትክክል ትሰጣለች፤ ጠፍጣፋዋ አትሰጥም።

ወጣቱ «ተረትቻለሁ» አላለም። ቁጥሮቹን ግን በወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተ። እኔም ከዚህ የበለጠ አልፈለግሁም፤ በእኔ ቃል አምኖ ቢሄድ ኖሮ፣ ነገ በሌላ ሰው ቃል ይመለስ ነበርና።

ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ከካምፓላ በስተ ደቡብ በተንጣለለው በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሌሊት ድንገት የሚነሣ ማዕበል የዓሣ አጥማጆችን ሕይወት ይቀጥፋል። ማዕበሉን አስቀድመው ከሚጠቁሙት መሣሪያዎች አንዱ ከጠፈር የሚነሣው የደመና ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ዓሣ አጥማጅ ማስጠንቀቂያውን ንቆ ጀልባውን ያወጣል። በአንጻሩ ደግሞ ዛሬ በኮምፒዩተር ያልነበረ ነገር እንደ ነበረ ተደርጎ ስለሚሣል፣ ያየውን ፎቶግራፍ ሁሉ የሚያምን ሰው የአታላዮች ሲሳይ ይሆናል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ናቸው።

ስለዚህ ከተጠራጣሪ ሰው ጋር ስንከራከር፣ እውነት የሆነውን ነጥቡን እንቀበል፤ ደካማውን ማስረጃችንን ራሳችን እንጣል፤ ከዚያም ሊለካ የሚችለውን አብረን እንለካ። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። በመጪው መጋቢት እኩለ ቀን ላይ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ አንዲት በትር ተክላችሁ ጥላዋን ለኩ። የሰማዩ ፎቶግራፍ ደመና ባሳየበት ሰዓትም ወደ ደጅ ወጥታችሁ ሰማዩን ተመልከቱ።