የሽንት ምርመራ፦ የቀለም ስትሪፕ ብቻውን ይበቃልን?

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሕመም መሆኑ ይታወቃል። በነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያው ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ ግን ወደ ኩላሊት ሊዛመት፣ ያለ ጊዜው ለሚመጣ ወሊድም ሊያጋልጥ ይችላል። እናቲቱ ሕመም ስለማይሰማት ነገሩን የሚገልጠው ላብራቶሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የምርመራው ዘዴ ምርጫ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም እንላለን።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ቀላሉ መሣሪያ ሽንት ውስጥ የሚነከረው የቀለም ስትሪፕ ነው። ስትሪፑ ናይትራይትንና የነጭ ደም ሴሎችን ኢንዛይም ያመለክታል። ናይትራይት የሚገኘው እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በሽንት ያለውን ናይትሬት ሲለውጡ ነው፤ ለዚህም ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ቢቆይ ይመረጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቶሎ ቶሎ ትሸናለች። ኢንቴሮኮከስን የመሳሰሉት ደግሞ ይህን ለውጥ አያካሂዱም። እንግዲህ የናይትራይቱ ቀለም መለወጡ ጠንካራ ምስክር ነው፤ አለመለወጡ ግን ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም።

አስተማማኙ ዘዴ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚቆጥረው ካልቸር ነው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ1 ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 ባክቴሪያ እንደ ወሰን ሲያገለግል ቆይቷል። ሆኖም ውጤቱ አንድ ቀን ያህል ይወስዳል፤ ዝግጅቱም በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆኑ ናሙናውን መላክ ይበቃል የሚል አይጠፋም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ1 ሚሊ ሊትር 1,000 ባክቴሪያ ያለበት ናሙና ከሆለታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወረፋም ጠብቆ 3 ሰዓት ተኩል ቆየ እንበል። ባክቴሪያው በየ30 ደቂቃው እጥፍ ቢሆን 7 ጊዜ ይባዛል፤ 1,000ው 128,000 ይሆናል። ጤነኛዋ ሴት በመንገድ ላይ "ታማሚ" ሆነች ማለት ነው! ናሙናው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀዝቅዞ ከተጓዘ ግን ይህ ስሕተት ይወገዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ለነፍሰ ጡሮች ካልቸርን፣ እርሱ በማይገኝበት ደግሞ ከስትሪፕ ይልቅ በዚያው ቦታ የሚሠራ የግራም ማቅለሚያን መክሯል። አሠራሩ ከ1884 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ነው። የባክቴሪያው ርዝመት 2 ማይክሮ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዘይት የሚሠራ ባለ 100 እጥፍ ሌንስ ከዚያ በእጅጉ ያነሰውን ይለያል። ባልተሽከረከረ ሽንት በአንድ የእይታ ክልል 1 ባክቴሪያ መታየቱ ወደ 100,000 መቃረቡን ይጠቁማል። የሚፈለገው ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት ቀለሞችና የሠለጠነ ዓይን ነው።

በርግጥ ይህ ዘዴ የባለሙያውን ጊዜ ይሻማል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚፈውስም አይነግርም። መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች በበዙበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በመሆኑም ሦስቱን ዘዴዎች ማቀናጀት ይገባል፦ ስትሪፑ ለፈጣን ጥቆማ፣ የግራም ማቅለሚያ ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ፣ በቅዝቃዜ የሚጓዝ ናሙና ደግሞ ለካልቸር። ወጣት አንባቢዎቻችንም የሌንስንና የእጥፍ ዕድገትን ትምህርት ለፈተና ብቻ እንዳያጠኑት አደራ እንላለን፤ የእናትና የልጅ ጤና የተንጠለጠለበት ዕውቀት ነውና።