ውሃ የቋጠረ እግር የጀግንነት ምልክት አይደለም

ባለፈው የማኅበራችን የቴኒስ ውድድር አንድ ነገር አይተን እንዳላየን አልፈናል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ከተጫዋቾቹ የሚበዙት ያነክሱ ነበር። በሜዳው ዳር የቆምነውም «አይዞህ፣ ቻለው!» እያልን አጨበጨብን። እኔ ካጨብጫቢዎቹም ከሚያነክሱትም አንዱ ስለነበርኩ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ከሁሉ በፊት ራሴን ለመሄስ ነው።

ታሪኬ አጭር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ አንድ ልጅ ትቶልኝ የሄደውን ጫማ አድርጌ፣ ስስ የጥጥ ካልሲ ለብሼ፣ በሳምንት አራት ቀን ተጫወትኩ። ጫማው በግማሽ ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሥር ውሃ ቋጠረ። ማታ ክፍሌ ገብቼ በጢም ምላጭ በጣሁት፤ ቆዳውንም ገሽልጬ ጣልኩት፤ በማግሥቱ ደግሞ ተጫወትኩ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ቀላ፣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ፣ ትኩሳት ያዘኝ። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ፤ የአንድ ትምህርት የአጋማሽ ፈተናም አመለጠኝ። በስኮላርሺፕ ለሚማር ሰው ፈተና መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም።

እኔ የተረፍኩት መድኃኒት ባለበት ዘመን በመሆኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካልቪን ኩሊጅ ልጅ፣ ስሙም እንደ አባቱ ካልቪን የሆነ የ16 ዓመት ወጣት፣ በዋይት ሃውስ ሜዳ ካልሲ ሳያደርግ ቴኒስ ተጫወተ። የእግሩ ጣት ውሃ ቋጠረ፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ተሐዋሲ በዚያች ቁስል በኩል ደሙ ውስጥ ገባ። በሳምንቱ፣ ጁላይ 7 ቀን ሞተ። ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። የዚያን ያህል አገር የሚመራ አባት ሐኪሞቹን ሁሉ ሰብስቦ ልጁን ከአንዲት ውሃ የቋጠረች ጣት ማዳን አልቻለም።

ይህን ሳነሳ አንዳንድ ጓዶች «እኛ የአበበ ቢቂላ ወገኖች ነን፤ እግራችን የደደረ ነው» ይሉኛል። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግን ግማሹን ብቻ የያዘ ነው። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ እውነት ነው። በ1964 ቶክዮ ላይ ግን ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ ከሮሙም በሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ገባ። ደግሞስ የሱ እግር የደደረው በዓመታት ልምምድ እንጂ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ አልነበረም። እኛ ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ አልጋ የምንመላለስ ሰዎች በምን ሒሳብ የሱን እግር እንደወረስን አይገባኝም።

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ብዙዎቻችን እግር ውሃ የሚቋጥረው ቆዳው ላይ ላዩን ሲፈተግ ይመስለናል። ዋናው ምክንያት ግን ከዚያ ጠለቅ ይላል። ስንሮጥ ቆይተን በድንገት ስንቆም ጫማው መሬቱን፣ ካልሲው ጫማውን፣ ቆዳው ካልሲውን ይዞ ይቀራል፤ ከውስጥ ያለው አጥንት ግን መንቀሳቀሱን አያቆምም። በሁለቱ መካከል የሚጎተተው ቆዳ ደጋግሞ ሲለጠጥ ውስጡ ያሉት ድርብርቦች ይላቀቃሉ፤ ክፍተቱንም ውሃ ይሞላዋል። በቴኒስ ደግሞ ይህ መቆምና መዞር በየነጥቡ ነው፤ የሚበዛውም ወደ ጎን ነው። በአፈር ሜዳ ላይ ጫማው ስለሚንሸራተት ጉልበቱ በከፊል ይበተናል። እዚህ የምንጫወትበት በቀለም የተለበጠ ደረቅ ሜዳ ግን ሶሉን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ የሚንሸራተተው እግራችን ጫማው ውስጥ ይሆናል። በዚህ ላይ የዚህ አገር ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት (ርጥብ ቆዳ ከደረቁ ይበልጥ ይያዛል) የሚሆነውን ሁላችንም በእግራችን አይተነዋል።

እንግዲህ ትልቁ ስህተታችን ያለው ካልሲው ላይ ነው። ለራኬት ገንዘብ እንሰበስባለን፤ ስለ ራኬት ክር ማታ ማታ እንከራከራለን፤ ካልሲ ግን በርካሽ የተገዛ፣ ተረከዙ ያለቀ የጥጥ ካልሲ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣና ይዞት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ በተደረገ ጥናት የአክሪሊክ ካልሲ ያደረጉት ጥጥ ካደረጉት ያነሰና ጥቂት ውሃ ቋጥረዋል። እነዚያው አጥኚዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ስስ ካልሲዎችን ሲያወዳድሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ የክሩ ዓይነት ብቻውን አይበቃም፤ ከተረከዙና ከጣቶቹ ሥር ወፈር ብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ሁለት ጥንድ ይዞ መጥቶ በመሐል መቀየርም ምንም አያስወጣም።

ጫማን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። የሩጫ ጫማ ለቴኒስ አይሆንም፤ ወደ ጎን ስንቆም እግራችንን አይይዝልንም። ጫማ የሚገዛው እግር በሚያብጥበት በማታ ነው፤ የሚለካውም በምንጫወትበት ካልሲ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይተርፍ። ከጠበበ ጣቱ ከፊቱ እየተጋጨ ጥፍሩ ይጠቁራል፤ ከሰፋ የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። የላይኛዋን የማሰሪያ ቀዳዳ ችላ አትበሉ፤ ተረከዝን ወደ ኋላ ስባ የምትይዘው እሷ ናት።

ስለ ቅባትና ስለ መድኃኒት የሚወራው ብዙ ነው። ቫዝሊን በመጀመሪያ ያንሸራትታል፤ ሰዓቱ ሲረዝም ግን ቆዳውን ያረጥባል፣ መያዙም ይብሳል። የላብ ማቆሚያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ዕጩ መኮንኖች ላይ ተሞክሮ ውሃ የቋጠሩትን ከ48 ወደ 21 በመቶ አውርዷል፤ ነገር ግን ከተቀቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ቆዳቸውን ስላስቆጣ እኔ አልመክርም። ከሁሉ የሚሻለኝ ከፋርማሲ የሚገኘው ተራ የወረቀት ፕላስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት 250 ኪሎ ሜትር በሮጡ ሰዎች ላይ ውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ ቀንሷል። ሳይጨማደድ፣ ከጨዋታው በፊት፣ በደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። በጨዋታ መሐል አንድ ቦታ ሲያቃጥላችሁም ያኔውኑ ቁሙና ለጥፉ። «ይህን ሴት ልጨርስና» የሚለው ነው የሚጎዳን።

ውሃው ከቋጠረ በኋላ ምላጭ አይነካ። ትንሽና የማያም ከሆነ ሸፍኖ መተው ነው። ትልቅና የሚያስነክስ ከሆነ እጅንና ቆዳውን በሳሙና አጥቦ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ ወጋ አድርጎ ውሃውን ማፍሰስ፤ የላይኛውን ቆዳ ግን አለመላጥ፤ ከሱ የተሻለ ፋሻ የለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህንንም ራሱ አያድርገው። መቅላቱ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ክሊኒክ መሄድ እንጂ የጓደኛ ምክር መጠየቅ አይደለም።

ለስፖርት ኮሚቴያችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጨዋታዎቹ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት መደረጋቸው ይቅርና ከምሽት አንድ ሰዓት በኋላ በመብራት ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ውሃ ቋጥሮ የወጣ ተጫዋች በፎርፌ እንደ ተሸነፈ መቆጠሩ ቀርቶ ጨዋታው ለሁለት ቀን ይተላለፍለት፤ እያነከስን የምንጫወተው ይህን ደንብ ፈርተን ነውና። ሦስተኛ፣ ለዋንጫ ከተያዘው ገንዘብ ግማሹ ለካልሲና ለፕላስተር ይዋል። ገንዘብ ያዣችን «ዋንጫ የሌለው ውድድር ምን ውድድር ነው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ያለፈው ዓመት ዋንጫ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እሱኑ ወልውለን እንደገና ብንሸልመው አሸናፊው ቅር የሚለው አይመስለኝም።