ስሙ ጉርሻ፣ ግብሩ ደመወዝ

የአማርኛው «ጉርሻ» ሁለት ሥራ ይሠራል። በመሶብ ዙሪያ ሲሆን አንዱ ለሌላው በእጁ የሚያጎርሰው እህል ነው፤ በምግብ ቤትና በሆቴል ሲሆን ደግሞ ደንበኛው ከሒሳቡ በላይ ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር ሰጪው ወዶና ፈቅዶ መስጠቱ ነው። መጠኑን የሚወስነው እርሱ፣ የሚያጎርሰውን የሚመርጠውም እርሱ ነው። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የተባለውም አጉራሹ ከልቡ እስከሆነ ድረስ ነው።

በትላልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ጉርሻ የሚባለው ገንዘብ ከዚህ ትርጉም ከራቀ ቆይቷል። በተለይ «ስፔሻሊቲ» እየተባሉ በሚጠሩት፣ ተጨማሪ ክፍያ በሚጠይቁት የመርከብ ምግብ ቤቶች ጉርሻው ምግቡ ሳይቀርብ አስቀድሞ ተሰልቶ ሒሳቡ ላይ ይሰፍራል። ተሳፋሪው ግን ይህን ልብ ሳይል «ምን ያህል ልተው? ብተወው ይታዘቡኝ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ጭንቀቱ የጠረጴዛ ሥነ ሥርዓት ይመስላል እንጂ ሥሩ ሌላ ነው። የአስተናጋጁን ደመወዝ መክፈል ያለበት ማን ነው? ኩባንያው ወይስ ተመጋቢው?

በአንድ እራት ሦስት ጉርሻ

ነገሩ እንዲህ ነው። የመርከብ ሽርሽር ትኬት የሚገዛ ሰው ጉዞውን፣ መኝታውንና በዋናው የመመገቢያ አዳራሽም ሆነ በቡፌው የሚቀርበውን ምግብ በአንድነት ይከፍላል። ስቴክ ቤቱ፣ የጣሊያኑና የጃፓኑ ምግብ ቤት ግን ለብቻ የሚከፈልባቸው ናቸው። ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው በአንድ ሰው ተቆርጦ የተቀመጠ ሲሆን፣ በዚህ ዋጋ ላይ ሮያል ካሪቢያን 18 በመቶ፣ ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ደግሞ 20 በመቶ በራሳቸው ይጨምራሉ። ይህ አንደኛው ጉርሻ ነው።

ሁለተኛው በየቀኑ የሚታሰበው ነው። በእነዚሁ ሁለት ኩባንያዎች መርከቦች ዕለታዊው ጉርሻ በቅርብ ዓመታት በአንድ ሰው ከ18 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ደርሷል፤ በውድ ክፍሎች ለሚያርፉ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ሮያል ካሪቢያን ይህ ገንዘብ ለምግብና ለመጠጥ አገልግሎት ሠራተኞች፣ ለመኝታ ክፍል አስተናጋጆችና ከመጋረጃ በስተጀርባ ለሚሠሩ ሌሎች የሆቴል ክፍል ባልደረቦች እንደሚከፋፈል ይገልጻል። ሦስተኛው ጉርሻ የሚመጣው ተመጋቢው እንዲፈርም በሚቀርብለት ወረቀት ላይ ነው። በወረቀቱ ግርጌ «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቀዋል።

ልኩን ለማየት በቀላል ምሳሌ ማስላት ይቻላል። ባልና ሚስት በአንድ ሰው 60 ዶላር በሚያስከፍል የመርከብ ስቴክ ቤት እራት በሉ እንበል። የምግቡ ዋጋ 120 ዶላር ነው። 18 በመቶው 21 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሲጨመርበት 141 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ባልየው ባዶውን መስመር አይቶ፣ በየብስ እንደለመደው የድምሩን 20 በመቶ ልጻፍ ቢል 28 ዶላር ከ32 ሳንቲም ይጨምራል። የአንድ ምሽት ጉርሻ 49 ዶላር ከ92 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ይህ የምግቡን ዋጋ ከ41 በመቶ በላይ ነው። በዕለት 18 ዶላር ተኩል ሒሳብ ለሁለት ሰው የሰባት ቀን ጉርሻ 259 ዶላር መሆኑም አይዘነጋ። በዚያች ምሽት በዋናው አዳራሽ ስላልበሉ ከዕለታዊው የሚቀነስላቸው ነገር የለም።

በአዲስ አበባ ባለኮከብ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማየት የለመደ ደንበኛ በጭማሪ አይደነግጥ ይሆናል። ልዩነቱ ስሙ ላይ ነው። በአዲስ አበባው ደረሰኝ ላይ የሰፈረው «የአገልግሎት ክፍያ» ነውና ማንም እንደ ደግነት አይቆጥረውም። በመርከቡ ላይ ግን ያው ዓይነት ክፍያ የጉርሻን ልብስ ለብሶ ይቀርባል።

ኤንቨሎፑ የት ገባ?

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በመርከብ የሚጓዝ ሰው በየምሽቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅ እጅ ይበላ ነበር። በመጨረሻው ምሽት ገንዘቡን በኤንቨሎፕ አድርጎ ላገለገለው ሰው በእጁ ይሰጣል። የሰጪና የተቀባይ ፊት ለፊት መተያየት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2000 ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ተሳፋሪው በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው ምግብ ቤት የሚበላበትን አሠራር ጀመረ። ተሳፋሪው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሲበላ የአንድ አስተናጋጅና የአንድ ጠረጴዛ ግንኙነት ተበጠሰ። ኤንቨሎፑ ባለቤት አጣ፤ በምትኩ በሒሳብ ላይ በራሱ የሚታሰብ ክፍያ መጣ። ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉ። ለአሠራር የሚያመች መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ያልለወጡት አንድ ነገር ቢኖር ስሙን ነው።

ስሙ ትክክል አለመሆኑን የአሜሪካ የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት ሳይቀር ለግብር አሰባሰቡ ሲል ለይቶታል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣውና ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ መሠረት ክፍያ ጉርሻ የሚባለው ያለ ግዴታ ሲከፈል፣ ደንበኛው መጠኑን ያለ ገደብ ሲወስን፣ በአሠሪው ፖሊሲ ያልተደነገገ ሲሆንና ደንበኛው ተቀባዩን የመወሰን መብት ሲኖረው ነው። ይህን የማያሟላው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ለሠራተኛው ሲከፋፈልም እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። መሥሪያ ቤቱ ለአገልግሎት ክፍያ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከል የመርከብ ሽርሽር ጥቅል ክፍያ አንዱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ባንዲራው የባሃማስ፣ ገበያው የአሜሪካ

ለመሆኑ ኩባንያዎቹ ደመወዙን በጉርሻ ስም እንዲከፍሉ የሚያስችላቸው ምንድን ነው? መልሱ በመርከቡ ጀርባ በሚውለበለበው ባንዲራ ላይ ይገኛል። ሮያል ካሪቢያን ዋና መሥሪያ ቤቱ ማያሚ ቢሆንም በሕግ የተቋቋመው በላይቤሪያ ነው፤ የኖርዌጂያን እናት ኩባንያ በቤርሙዳ ነው። ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡት አብዛኞቹ ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚያውለበልቡት የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ነው።

በአሜሪካ ምግብ ቤቶች የሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የየብሱን ሕግ ያውቁታል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ሕጉ ከ1991 ጀምሮ ይፈቅዳል። ሆኖም ጉርሻው ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ ልዩነቱን የሚሞላው አሠሪው ነው። ሕጉ ደካማ ነው የሚሉት ብዙዎች ቢሆኑም ወለል አለው።

የውጭ ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ከዚህ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ውጭ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1963 የአገሪቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ በውጭ ባንዲራ መርከብ ላይ በሚሠሩ የውጭ አገር ሠራተኞች ላይ እንደማይሠራ ወስኗል። በሃዋይ ደሴቶች መካከል የሚመላለሰው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» የአሜሪካን ባንዲራ ስለያዘ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ይገዛዋል፤ ከትላልቆቹ መርከቦች መካከል ግን እርሱ ብቸኛ ነው።

ለቀሩት ያለው ጥበቃ በአመዛኙ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ2006 ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ነው። ስምምነቱ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ14፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ወይም ዕረፍትን በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ያደርጋል። በእርሱ ሥር ለአንድ የሠለጠነ መርከበኛ የተቆረጠው ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ በጃንዋሪ 2025 673 ዶላር ነበር። ይህ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሰላ በሰዓት 3 ዶላር ከ24 ሳንቲም ያህል ነው። አኃዙ የተቆረጠው ለመርከበኛ እንጂ ለአስተናጋጅ አይደለም፤ ሆኖም የባሕሩ ወለል ከየብሱ ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የተሳፋሪው ጉርሻ ነው።

ጉርሻ የደመወዝን ቦታ ሲይዝ ምን እንደሚሆን በ2020 ታይቷል። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት መርከቦቹ መጓዝ ሲያቆሙ ተሳፋሪዎች ወደየቤታቸው ሄዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ግን ለወራት መርከብ ላይ ቀሩ። ተሳፋሪው ሲወርድ ጉርሻውም አብሮ ወረደ። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ሲነገር የገበያው አደጋ ሊሸከመው ከሚችለው ኩባንያ ላይ ተነሥቶ ፈጽሞ ሊሸከመው በማይችለው ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ተጫነ።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው መከራከሪያ ጉርሻ ሠራተኛውን ያተጋዋል የሚል ነው። ለኤንቨሎፑ ዘመን ይህ ያስኬድ ነበር። በተቆረጠ ዋጋ ላይ በራሱ የሚጨመር 18 በመቶ ግን አስተናጋጁ ቢፈጥንም ቢዘገይም፣ ፈገግ ቢልም ቢኮሳተርም ያው 18 በመቶ ነው። የማይለዋወጥ ክፍያ ማትጊያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው፣ ጉርሻው ትኬቱ ውስጥ ቢገባ ዋጋው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ደንበኛ ይሸሻል የሚለው ነው። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ከግንቦት 2019 ጀምሮ ዕለታዊውን የአገልግሎት ክፍያ አስቀርቶ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አካትቶታል፤ ከገበያም አልወጣም። በአሜሪካም የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ድብቅ ጭማሪዎችን ሲከለክል ትላልቆቹ ኩባንያዎች የወደብ ግብርና ክፍያዎችን በሚያስተዋውቁት ዋጋ ውስጥ አስገብተዋል። ተሳፋሪ ሸሸ ሲባል አልተሰማም። ጉርሻው ግን አሁንም ከማስታወቂያው ውጭ ነው፤ ምክንያቱ «በተሳፋሪው ፈቃድ የሚከፈል ነው» የሚል ነው። ያው ገንዘብ በማስታወቂያ ጊዜ የፈቃድ፣ በሒሳብ ጊዜ የተለመደ ግዴታ እየሆነ ይቀርባል። በሁለት ቢላዋ መብላት ይሏል ይህ ነው።

ሦስተኛውና ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ሥጋት የሠራተኛው ነው። ጉርሻው ትኬቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ኩባንያው ለራሱ ቢያስቀረውስ? ሥጋቱ እውነት አለው። መፍትሔው ግን ገንዘቡን በጉርሻ ስም ማቆየት ሳይሆን በሥራ ውሉ ላይ እንደ ደመወዝ ማስፈር ነው። በውል የተጻፈ ደመወዝ በመርከቡ መሙላትና መጉደል አይለዋወጥም፤ ቢቀር ደግሞ የሚጠየቅበት ሕግ አለው። እንግሊዝ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ አሠሪዎች ጉርሻን ሳይቆርጡ ለሠራተኞች እንዲያከፋፍሉ ማስገደዷ ገንዘቡን መቆጣጠር እንደሚቻል ያመለክታል።

እስከዚያው ድረስ

አሠራሩ እስኪለወጥ ድረስ ተሳፋሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ያንብብ። 18 ወይም 20 በመቶ ከገባበት የአስተናጋጁ ድርሻ ተከፍሏል፤ ባዶውን መስመር ባዶ አድርጎ መፈረም ስስት አይደለም፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። መጠጥም ቢሆን እንዲሁ በራሱ ጭማሪ አለውና ሁለት ጊዜ እንዳይታሰብበት ያስተውል። አገልግሎቱ ከወትሮው የተለየ ሆኖ ካገኘው በኤንቨሎፑ ዘመን እንደነበረው ጥሬ ገንዘቡን በሰውዬው እጅ ይስጥ። የዚያኔ ቢያንስ ተቀባዩን ያውቀዋል።

በሌላ በኩል በአሠራሩ ተናዶ ዕለታዊውን ጉርሻ ማሰረዝ ትክክል አይደለም። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ተሳፋሪው ወደ እንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ሄዶ እንዲያስቀንስ ወይም እንዲያሰርዝ ይፈቅዳሉ። ነገር ግን ሥረዛው የሚጎዳው ዋጋ ተማኙን ሳይሆን አልጋ አንጣፊውንና ሳህን አጣቢውን ነው። ቅሬታ ያለው ተሳፋሪ ገንዘቡን ከፍሎ ቅሬታውን ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርብ፤ ሲቀጥልም ትኬት ሲገዛ «ጉርሻው ገብቶበታል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ኩባንያዎች ከሁሉ በላይ የሚሰሙት ገና ያልከፈለውን ደንበኛ ነው።

የመርከብ ምግብ ቤቶች ዋጋቸውን ሲጠሩ ሙሉውን ይጥሩ፤ 60 ዶላር ከሆነ 60፣ 72 ዶላር ከሆነም 72 ይበሉ። የአስተናጋጁን ደመወዝ አስልቶ መክፈል የቀጣሪው ሥራ ነው። ተመጋቢው ከዚያ በላይ ወዶ ቢሰጥ እሰየው። ጉርሻ ጉርሻ የሚሆነው ተቀባዩ ያለ እርሱም ቤቱን ማሳደር ሲችል ነው።