«አባቴ ሊናገር ሲል ቪዲዮው ይቆማል!»

በዚህ አምድ የፍቅር ነው፣ የትዳር ነው፣ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው እያልን ስንመካከር ቆይተናል። የዛሬው ደብዳቤ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ላፕቶፕና ስለ ዋይፋይ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም! አንብቡትና እናንተው ፍረዱ።

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የ29 ዓመት ወጣት ስሆን ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ እኖራለሁ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በሕይወት ሳለ ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ስለነበረ፣ ድምፁ የቀረልን በአንድ የቪዲዮ ካሴት ላይ ብቻ ነው። በ1989 ዓ.ም. የእህቴ ሦስተኛ ዓመት ልደት ሲከበር የተቀረጸ ነው። እኔ ያኔ የስድስት ወር ሕፃን ነበርኩ። አባቴ እኔን ታቅፎ ይነሣና እንግዶቹን ያመሰግናል፣ ይመርቃል።

ያንንና ሌሎች አምስት ካሴቶችን አንድ ቪዲዮ ቤት ወስጄ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩ። በፍላሽ ሰጡኝ። ሃርድ ዲስኬ ላይ አስገባሁትና ፍላሹን አጥፍቼ ፊልም ጫንኩበት። ከዚያም የድሮ ላፕቶፔን ሳሎን ጥግ አስቀምጬ፣ ጄሊፊን የሚባለውን ፕሮግራም ጭኜ፣ እናቴ በዋይፋይ ቴሌቪዥኑ ላይ እንድታይ አደረግኩ። የመጀመሪያው ቀን መርቃኝ አልጠገበችም።

አሁን ግን ጣጣው በዛ። አንዳንዱ ፊልም በስልኬ ያለችግር እየሄደ ቴሌቪዥኑ ላይ ክቧ እየዞረች ትቀራለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቴሌቪዥኑ «ሰርቨሩን አላገኘሁም» ይላል። ከሁሉ የከፋው የአባቴ ቪዲዮ ነው። 14ኛው ደቂቃ ላይ፣ ልክ ሊናገር ሲነሣ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይቆማል! እናቴ «እሱም አልፈቀደው ይሆናል» ብላ ማየቱን ተወችው።

እህቴ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ሆናብኛለች። እናቴ ይህን ቪዲዮ ለማየት በተቀመጠች ቁጥር «ፓኬጁን ጨረሳችሁት!» ብላ ራውተሩን ትነቅላለች። እኔ ያጠራቀምኳትን ብር አውጥቼ ፈጣን ላፕቶፕ ልግዛ ስል፣ እሷ ለሙት ዓመቱ ዝክር ይሁን ትላለች። ተኳርፈናል። ምን ይሻለኛል?

ለነገሩ ዲስኩም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ካሴቶቹን ግን ቤት ልንቀይር ስለሆነ ቅዳሜ ለቆራሌው ልሰጣቸው ነው፣ አቧራ ከመሳብ በቀር ጥቅም የላቸውም።

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድማችን፣ በቅድሚያ ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ይህን ጋዜጣ አስቀምጥና ተነሥ! ላፕቶፑን በሥርዓቱ አጥፋ፣ ዲስኩን ንቀልና ተመልሰህ አንብብ።

ነቀልከው? ጥሩ። አየህ፣ ስለ ፍጥነት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍክና ዋናውን ነገር «ለነገሩ» ብለህ መጨረሻ ላይ ጣልከው። የሃርድ ዲስክ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላዩ ላይ ሳትነካው እየተንሳፈፈች የምታነብ ራስ አለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ብዙውን ጊዜ ያቺ ራስ ቦታዋን አጥታ ስትመላለስ ነው። እንዲህ የታመመን ዲስክ ባሠራኸው ቁጥር ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

አንድ ተስፋ አለ። ትንንሾቹ ዲስኮች ኃይል የሚያገኙት ከላፕቶፑ ስለሆነ፣ ገመዱ ሲያረጅ ወይም ሶኬቱ ሲደክም ኃይል አንሷቸውም እንዲህ ያሰማሉ። ስለዚህ ሌላ አጭር ደህና ገመድ ፈልገህ፣ በሌላ ሶኬት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር። ድምፁ ከጠፋ ፊልም ልይ እንዳትል! መጀመሪያ የቤተሰብህን ቪዲዮዎች ወደ ላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ገልብጥ። የአባትህ ፋይል ላይ ከተንጠለጠለ እሱን ዝለለውና ሌሎቹን አስቀድም። ድምፁ ካልጠፋ ግን አበቃ፣ ንቀል። ዲስክ እንጠግናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አታስነሣበት። የጠፋ መረጃ በማውጣት ሥራ ለሚታወቅ ባለሙያ አሳየው፣ ዋጋውንም አስቀድመህ ጠይቅ።

ግን ይህን ሁሉ ወጪ ከማውጣትህ በፊት... ካሴቱ አለ እኮ! ለቆራሌው ልትሰጠው ያሰብከው ካሴት ዛሬ በእጅህ ያለው ዋናው የአባትህ ድምፅ ነው። ፍላሹን ራስህ አጥፍተኸዋል፣ ዲስኩ ታሟል፣ የቀረው ካሴቱ ብቻ ነው። ቆራሌው ቅዳሜ ቢመጣ የድሮ ጫማ ስጠው!

በካሴቷ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ ተመልከት። በጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ካለ ማጫወቻ ውስጥ አታስገባው፤ ማሽኑን ያበላሻል፣ ወደሌሎቹም ይተላለፋል፤ እንዲህ ያለውን የሚያጸዳ ባለሙያ ይፈለግለታል። ንጹሕ ከሆነ እንደገና አስገልብጠው። ቪዲዮ ቤቱን «ያልተቆረጠውን፣ ያልተጨመቀውን ስጡኝ» በል። «4ኬ አድርጉልኝ» ብለህ ግን ገንዘብ አትጨርስ፤ የዚያን ዘመን ካሴት ቢለጥጡት ያልነበረበትን ጥራት አያመጣም። ካሴቶቹን ከዚያ በኋላም እንደ መጽሐፍ አቁመህ፣ ደረቅ ቦታ፣ ከትልልቅ ስፒከር አርቀህ አስቀምጥ።

ለምን ይቆማል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ። ቪዲዮው ከዲስኩ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ እስኪደርስ አራት ቦታ ያልፋል፦ ዲስኩ፣ ላፕቶፑ፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌቪዥኑ። የታመመው የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ጥርሱን ለታመመ ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው። ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ።

አንደኛ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚቆመው? ከሆነ ችግሩ ፋይሉ ወይም ዲስኩ ነው። ዋይፋይ ሰዓት እየመረጠ አባትህ ሊናገር ሲል አይቆምም። 14ኛው ደቂቃ ያለበት የዲስኩ ቦታ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወይም ሲገለበጥ ፋይሉ ተጎድቶ ይሆናል። ለእናትህ ንገራት፤ ያልፈቀደው አባትህ ሳይሆን ዲስኩ ነው።

ሁለተኛ፣ በስልክ ሄዶ በቴሌቪዥን ነው የሚቆመው? ይህ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ብዙ አዳዲስ ፊልሞች የሚጨመቁት ኤች.265 በሚባለው ዘዴ ነው። ቴሌቪዥንህ ይህን ካላወቀ ላፕቶፑ ቁጭ ብሎ፣ ፊልሙ እየታየ፣ ሊያስተረጉምለት ይገደዳል። ባለሙያዎቹ ትራንስኮዲንግ ይሉታል። አሮጌው ላፕቶፕ ለዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፊልሙን ከፍተህ በስልክህ የጄሊፊንን መቆጣጠሪያ ገጽ እይ፤ በቀጥታ እየሄደ ይሁን እየተተረጎመ ይነግርሃል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፊልሙን ማታ አንድ ጊዜ ወደ ኤች.264 ለውጠህ እደር። ላፕቶፕህ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ ይህን ሥራ የሚያቀልል ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሊኖረው ይችላል፤ በጄሊፊን ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ አብራው።

ሦስተኛ፣ እንደ ክፍሉና እንደ ሰዓቱ ይለያያል? ያን ጊዜ ዋይፋዩን ጠርጥር። 8 ጊጋባይት የሆነ የሁለት ሰዓት ፊልም በሴኮንድ 9 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። 5 ጊጋኸርትዝ የሚለው ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ 2.4 የሚለው ግድግዳ ያልፋል፣ ነገር ግን የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ይጋፋዋል። ርካሹ መድኃኒት ገመድ ነው። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ብታገናኘው ግማሹ መንገድ ከአየር ወረደ ማለት ነው።

መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ሰርቨሩን የሚያጣበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ራውተሩ በተነሣ ቁጥር ለላፕቶፑ አዲስ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ትናንት 192.168.1.20 የነበረው ዛሬ 192.168.1.23 ሆኖ ያድራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የድሮውን በር ያንኳኳል። ራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ለላፕቶፑ ቋሚ ቁጥር አስይዝለት። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋም ሆነ ሲቆይ እንዳይተኛ አድርገው። እሱ የራሱ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ ግን የለውም። ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አይተህ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ብትገዛለት መብራት ቢሄድም ቤት ውስጥ ያለው መስመር አይቋረጥም።

እኛም እንሞክር ለምትሉ

አዲስ ነገር መግዛት አያሻችሁም። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ጤነኛ ዲስክና ራውተር ካላችሁ በቂ ነው። ጄሊፊን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈቃደኞች የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ፕሌክስ የሚባለውም አለ፤ እሱ ግን ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ቪዲዮ ለማየት ክፍያ ይጠይቃል። ጄሊፊንን ከጫናችሁ በኋላ በስልካችሁ ብራውዘር የላፕቶፑን ቁጥርና 8096 ብላችሁ ጻፉ፤ ለምሳሌ 192.168.1.20:8096። እምቢ ካለ የላፕቶፑ ፋየርዎል ዘግቶባችሁ ይሆናልና ፍቀዱለት። ፊልም፣ ተከታታይና የቤተሰብ ቪዲዮ ለየብቻ ፎልደር ይኑራቸው። የፊልሙን ስምና የወጣበትን ዓመት በትክክል ካልጻፋችሁ ፕሮግራሙ የሌላ ፊልም ፖስተር ይለጥፍላችኋል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድም ይይ ብላችሁ የራውተሩን በር ለዓለም አትክፈቱ። የቤተሰብ ቪዲዮ ከሆነ በሚሄድ ሰው እጅ ፍላሽ መላክ ይቀላል። ያ ፍላሽ ከቤት ውጭ ያለ ተጨማሪ ቅጂም ይሆናችኋል።

ስለ እህትህ

በመጀመሪያ በፓኬጁ ነገር እህትህ ተሳስታለች። ቪዲዮው ከሳሎን ጥግ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲሄድ ራውተሩን ይጠቀማል እንጂ ከፓኬጁ ምንም አይቆርጥም። ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ነቅለህ ቪዲዮውን ክፈትላት፤ ይሄዳል። ራውተሩን ስትነቅለው ግን መንገዱን ራሱን ማፍረሷ ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ ሌላ ፊልም ትጨቃጨቃለች? ደብዳቤህ እንደሚለው የምትነቅለው እናትህ ይህን ቪዲዮ ለማየት ስትቀመጥ ነው። ልደቱ የማን ነበር? የእሷ። አንተ በዚያ ቪዲዮ ላይ የምታየው የማታስታውሰውን ቀን ነው፤ እሷ ግን ምናልባት ታስታውሰው ይሆናል። በየማታው አባቷ ሊናገር ተነሥቶ ሳይናገር ሲቀር ማየት ለእሷ ሁለተኛ ሞት ሆኖባት እንደሆነስ? ይህን እኛ ከዚህ ሆነን ልናውቅ አንችልም። አንተ ግን መጠየቅ ትችላለህ። «ፓኬጁን አይበላም» ብለህ ከመርታትህ በፊት «ማየቱ ከበደሽ ወይ?» በላት።

ላፕቶፑን አትግዛ። ከብሩ ላይ ለአንድ አዲስ ዲስክና ለሁለት ፍላሽ የሚሆነውን ቀንስ፤ የተረፈውን እህትህ እንዳለችው ለዝክሩ አውለው። አዲሱ ዲስክ ላፕቶፑ ጋ ይቀመጥ። አንዱን ፍላሽ ለእህትህ ስጣት፤ ጠባቂዋ እሷ ትሁን። ሌላውን ከቤት ውጭ፣ አክስት ወይም አጎት ዘንድ አስቀምጥ። የቤት ውስጥ ሰርቨር የማሳያ መስኮት እንጂ ካዝና አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ምንም እንደሌለው ይቁጠረው።

ሙት ዓመቱ ዕለት ደግሞ በዋይፋይ አትመካ። ፍላሹን ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተህ ዋዜማውን እስከ መጨረሻው ሞክረው። መብራት ቢሄድም ላፕቶፑን ባትሪውን ሞልተህ አጠገብህ አስቀምጥ። እናትህን መሃል አስቀምጣት፣ እህትህን አጠገቧ። 14ኛው ደቂቃ ሲያልፍ ምን እንዳለ ጻፍልን። ምርቃቱን ሳይሆን የእህትህን መልስ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሌሎቻችሁም ዛሬውኑ የቤታችሁን ሣጥን ፈትሹ። የሳምንት ሰው ይበለን!